የቡቺ ለቅሶ

ውሻ አሳድጌ አላውቅም ነበር። ልጅም አላሳደግኩም። በዕድሜዬ ያሳደግኩት ሆዴን ብቻ ነው፤ እሱንም የቀበሌ ስንዴ ዘመን አሟሸሸብኝ። ስለዚህ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኮቴ ውስጥ ቡችላ ሸሽጌ ስገባ ባለቤቴ መጀመሪያ ያየችው የኮቴን ማበጥ ነው።

"ምን ሰርቀህ ነው?" አለችኝ።

ቡችላ መሆኑን ስታይ ፊቷ ይበልጥ ጠቆረ። ብሰርቅ ይሻላት ነበር መሰለኝ፤ የተሰረቀ ነገር ቢያንስ አይበላም።

ቡችላውን የሰጠኝ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አጠገብ የአንድ ጣሊያን ጋራዥ ዘበኛ የነበረ ወዳጄ ነው። ጋራዡ ሲወረስ ጣሊያኑ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ሄደ። ሻንጣው ውስጥ ያልገባች አንዲት ነጭ፣ ጸጉራም፣ እግረ አጭር ውሻ ለዘበኛው ቀረችለት። እሷም ሐዘኗን ብዙ አላራዘመችም፤ ከሰፈሩ ውሾች ካንዱ አርግዛ ወለደች። ከየትኛው እንደሆነ ብጠይቀው ዘበኛው ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"እናቱ ኢምፔሪያሊስት ናት፤ አባቱ ሰፊው ሕዝብ ነው" አለኝ።

ያኔ ለመሳቅም ግራ ቀኝ መታየት ነበረበት።

መልኩ እንዲህ ነው። ከራሱ እስከ ወገቡ እናቱን ነበር፤ ዓይኑን የሚጋርድ ነጭ ጸጉር፣ ከረሜላ የምታክል ጥቁር አፍንጫ። ከወገቡ ወደ ኋላ ደግሞ አባቱን፤ አጭር ቡናማ ጸጉር፣ ወደ ላይ የተጠቀለለ ጅራት። ሁለት ውሻ ለየብቻ ቆርጠው መሃሉ ላይ የገጠሙት ይመስላል። ልብስ ሰፊ ነኝና ባየሁት ቁጥር ስፌቱ የት ጋ እንደሆነ እፈልግ ነበር። ቁመቱ ከጉልበቴ በታች ነው፤ የእኔ ጉልበት ደግሞ ከመሬት ያን ያህል እንደማይርቅ የሚያውቁኝ ያውቃሉ።

ስሙ ቡቺ ሆነ። ቡቺ ስም አይባልም፤ ሰፈራችን ልደታ ውስጥ ያለው ውሻ ሁሉ ቡቺ ነው። ሌላ ላወጣለት አስቤ ባለቤቴ ከለከለችኝ። "የሰው ስም ብታወጣለት ያ ሰው ነገ ባለሥልጣን ይሆናል" አለች። እውነቷን ነው። በር ላይ ቆሜ የአንድ ባለሥልጣን ስም እየጠራሁ "ና ውጣ፣ ዝም በል፣ አትልከስከስ!" ስል የሚሰማኝ ቢገኝ፣ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

ውሻ መያዝ ሥራ እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። ቁንጫውን ለማጥፋት ነጭ ጋዝ በጨርቅ እየነከርኩ አሸዋለሁ፤ ያን ቀን ክብሪት የሚጭር ሰው አጠገባችን እንዲቀመጥ አንፈቅድም። የዓይኑን ጸጉር በሥራ መቀሴ እከረክምለታለሁ፤ ከሱሪ በቀር ከርክሜ ስለማላውቅ አንድ ቀን እንደ መነኩሴ፣ አንድ ቀን እንደ ወታደር ሆኖ ይወጣል። ተክለ ሃይማኖት ጀርባ ካለው የልብስ ሰፊዎች ማኅበራችን ስመለስ ባለልኳንዳውን አጥንት እለምንለታለሁ። በሁዳዴ ልኳንዳው ሲዘጋ ከእኛው ጋር ሽሮ እየበላ ይጾማል። "እስከ ፋሲካ ሳይገድፍ የሚጾም በዚህ ቤት እሱ ብቻ ነው" ትላለች ባለቤቴ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ እኔን እያየች።

ግቢያችን ውስጥ ሁለት ቤት ነበር። አንዱ የእኛ ነው። በሌላው አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ካንድ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። እትዬ እንላታለን። ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔ እየሸጠች ልጇን አስራ ሁለተኛ ክፍል ያደረሰች ሴት ናት። ልጁ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በር ሲገባ ጎንበስ ማለት ያለበት ወጣት ነበር፤ እኔ ጎንበስ የምልበት በር እስካሁን አልተሠራም።

ቡቺ ገና ዓመት ሳይሞላው ልጁን አንድ ማለዳ መጥተው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ የሰማነው ነገር ቢኖር፣ እትዬ ቀበሌ ተጠርታ "እንዳትጠብቂው" መባሏን ነው። አስከሬን አልሰጧትም። የት እንዳለም አልነገሯትም። ጥቁር እንዳትለብስ፣ ለቅሶ እንዳትቀመጥ፣ ጎረቤትም እንዳይገባላት ተነገራት። ከቀበሌ ስትመለስ በሯን ከፈተች፣ ገባች፣ ዘጋች። አልጮኸችም። ባለቤቴ ነጠላዋን አንስታ ደጃፋችን ድረስ ሄደችና ቆመች። እኔ ክንዷን ያዝኩ። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ከግቢው በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ እያየ ነበር። ከዚያ ወዲያ በግድግዳው በኩል ሳሏን ብቻ እንሰማ ነበር፤ አንዳንዴ ሳሏንም አንሰማም።

ለቡቺ ግን መመሪያው አልደረሰውም። የተዘጋ በር አይወድም። እየቧጠጠ፣ እያለቃቀሰ አስከፈታትና ገባ። እኛ የፈራነውን ለቅሶ እሱ ገብቶ ተቀመጠ።

ቀን ቀን እሷ ዘንድ ይውላል፤ ማታ እራቱን በልቶ ተመልሶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ውሻው የእኔ ነበር የምለው እንግዲህ ራሴን ለመደለል ነው። እትዬ እህል ትታ ነበር፤ ለእሱ ስትቆርስ ለራሷም መቁረስ ጀመረች። ፊቷን ጸጉሩ ውስጥ ቀብራ ትቆያለች። አንድ ቀን አብዮት ጠባቂው በድንገት ሲገባባት ዓይኗ ቀልቷል።

"ምን ሆነሽ ነው?" አላት።

"ቁንጫው ዓይኔ ገብቶ።"

"ውሻውን አስወጪዋ!"

"እሺ ልጄ" አለች፤ አላስወጣችም።

ባለቤቴ በዚያ ሰሞን አንድ ማታ እራት ስታቀርብ፣ "ይሄ ውሻ አንድ ነገር የሆነ ቀን እትዬ አትተርፍም። በደንብ ጠብቀው" አለችኝ። እንደዚያ ቀልድ በሌለበት ድምፅ አናግራኝ አታውቅም፤ ስለዚህ ለመጠበቅ ቆርጬ ተነሳሁ። እኔ አንድ ነገር ልጠብቅ ከተነሳሁ ደግሞ ነገሩ ጣጣ አለው።

የእብድ ውሻ በሽታ ገባ ተባለ። ከማዘጋጃ ቤት ሰዎች በመኪና መጥተው በሥጋ ውስጥ መርዝ እየጣሉ ውሻ እንደሚፈጁ ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ለፈፈ። ባለቤት ያለው ውሻ ይታሰር፤ አንገቱም ላይ ከሩቅ የሚታይ ጨርቅ ይደረግበት፤ ምልክት ለሌለው ሥጋ ይጣልለታል። የሚመጡበት ቀንም ረቡዕ መሆኑ ተነገረ።

እኔ ደግሞ የጨርቅ ሰው ነኝ። በዚያ ሰሞን ማኅበራችን ከሰልፍ ጨርቅ በቀር ሌላ ነገር አይሰፋም ነበር። የመፈክር ጨርቅ፣ የአንገት ጨርቅ፣ የክንድ ጨርቅ፣ ሁሉም ቀይ። ወለሉ በቀይ ቁርጥራጭ ስለተሞላ ያረድን እንጂ የሰፋን አንመስልም። ከትራፊው ጥሩ ጥሩውን መርጬ ለቡቺ ማሰሪያ ሠራሁለት። በሁለት ረድፍ ስፌት፣ ከአሮጌ ቀበቶ የፈታሁት ዘለበት ያለው። በዚያ ዘመን ቀይ የለበሰን ማን ይነካል? እንዲያውም ሰላምታ ይሰጡታል ብዬ ነበር። ቡቺ አንገቱን ቀና አድርጎ ሰፈሩን ዞረበት። እትዬ አየችውና የአፏ ጫፍ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለሆነ እኔ እንደ ሳቅ ቆጠርኩት።

ቅዳሜ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። ሊቀ መንበሩ አጀንዳውን ጨርሶ ከጠረጴዛው ስር አንድ ነገር አወጣ። ያ የእኔ ማሰሪያ ነው። አብዮት ጠባቂው ከቡቺ አንገት ፈትቶ ወስዶት ኖሯል።

"ጓድ ልብስ ሰፊ፣ ተነስ። ይሄ ምንድን ነው?"

"የውሻ ማሰሪያ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።"

"ተነስ አልኩህ እኮ።"

"ተነስቻለሁ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።"

ከኋላ ሳቅ ፈነዳ። ሊቀ መንበሩ ግን አልሳቀም።

"ጨርቁ ከምን የተቆረጠ ነው?"

"ከመፈክር ጨርቅ ትራፊ።"

"ሰማዕታት ደማቸውን ያፈሰሱበትን ቀለም ውሻ አንገት ላይ! ምን ለማለት ነው? ማንን ለመስደብ ነው?"

ይህ ጥያቄ መልሱ ከተበላሸ ወዴት እንደሚያስኬድ ሁላችንም እናውቃለን። አፌ ግን እንደ ልማዱ ቀድሞኝ ሄደ። ግለ ሂስ አደርጋለሁ አልኩ። ንቃተ ኅሊናዬ ከቁመቴ የማይበልጥ፣ የንዑስ ከበርቴ አመል ያልለቀቀኝ፣ ጨርቅ ሳይ ጨርቅነቱ እንጂ ትርጉሙ የማይገባኝ የመቀስ ሰው ነኝ አልኩ። ባለቤቴ እንኳ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ብላኝ አታውቅም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ውሻው ግን ያልተማረ ነው አልኩ። እዚህ ላይ ሊቀ መንበሩም አፍንጫውን አሸት አሸት አደረገ፤ ዳንኩ አልኩ በልቤ።

እኔስ ዳንኩ። ከሴቶች ማኅበር አንዷ እጇን አውጥታ፣ "ታዲያ ምን ዓይነት ቀለም ይታሰርለት?" ስትል ነው ነገሩ የተበላሸው።

"ነጭ" አለ አንዱ።

"ነጭ?" አለ ሊቀ መንበሩ። "ነጭ ሽብር የማን ነው?"

ነጭ ያለው ሰውዬ ዳግመኛ አልተናገረም። አረንጓዴና ቢጫ የሰንደቅ ዓላማ ነው ተባለ። ካኪ የሠራዊቱ ነው ተባለ። ሰማያዊ የሚቃወም አልተገኘም፤ ሰማያዊ ጨርቅ ያለውም አልተገኘም። ከወደ ግድግዳው አንድ ድምፅ "ጥቁርስ?" አለ። ብዙ እናቶች ተቀምጠው ነበር፤ ሁሉም ወለል ወለሉን አዩ። እትዬ ከፊቴ ነበረች፤ ማጅራቷ ሲደነድን ይታየኛል።

በመጨረሻ ሊቀ መንበሩ፣ "ጉዳዩ ከበላያችን ላለው ለከፍተኛው ይጠየቃል። ውሳኔ እስኪመጣ ድረስ በዚያ ውሻ ላይ ምንም ዓይነት ጨርቅ አይታሰርም" አለ።

"ረቡዕ ግን ይመጣሉ፣ ጓድ ሊቀ መንበር" አልኩ።

"ቤት ውስጥ እሰረው።"

ረቡዕ ጠዋት ደግሞ የድጋፍ ሰልፍ ተጠራ። የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም፤ ልጁ የተወሰደበት ሰው ቢቀር ደግሞ ከስኳር በላይ ያስከትላል። ስለዚህ እትዬም መሄድ ነበረባት። ቡቺን አልጋዋ እግር ላይ በገመድ አሰርነው። ቋጠሮውን የቋጠርኩት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ስባ ሞከረችው፣ እትዬ ስባ ሞከረችው፣ ጠንካራ ነበር። ውሃና እንጀራ አስቀመጠችለት። "መጣሁ፤ መጣሁ፤ የትም አልሄድም" እያለችው ወደ ኋላዋ ወጣች።

ቀበሌው በር ላይ ለሁላችንም ቀይ የአንገት ጨርቅ ታደለን። በገዛ እጄ የሰፋሁትን ጨርቅ አንገቴ ላይ አስሬ፣ እጄን እያወጣሁ ዋልኩ። ከልደታ እስከ አደባባዩ ድረስ ቀይ ያላሰረ አንገት አልነበረም።

ተበትነን ስንመለስ ቀትር አልፏል። ከሰፈራችን መታጠፊያ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ከኋላው የተከመረውን አላየሁም ልል እፈልጋለሁ። ቡቺ ከግቢያችን በር አጠገብ፣ ውሃ መውረጃው ጫፍ ላይ ተጋድሟል። ገመዱን አልበጠሰም፤ ቋጠሮዬም አልተፈታም። አንገቱን ብቻ ነው ያሾለከው። ከዚያ የቤቱን በር በጥፍሩ ስቦ ከፍቶ፣ በአጥሩ ቆርቆሮ ስር ወጥቶ፣ ወደ ሄድንበት አቅጣጫ ፊቱን አዙሮ ደጅ ላይ ሲጠብቅ ነው ያገኙት።

ገና አልሞተም ነበር። እግሮቹ ደርቀው ተዘርግተዋል፤ ሰውነቱ በየትንፋሹ ይነዘራል። ባለቤቴ እየሮጠች ገብታ ጥሬ እንቁላል ይዛ ወጣች። እኔ ወተት ፍለጋ ካንዱ በር ወደ ሌላው ሮጥኩ። ያን ቀን በሰፈሩ ወተት ያለው አልነበረም፤ ቢኖርም ዋጋ አልነበረውም፣ መንጋጋው ገጥሟል። እንቁላሉ በአገጩ ጸጉር ላይ ፈሰሰ። እትዬ አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ ጭኗ ላይ አደረገችው። ብዙ አልቆየም።

ከመኪናው አንድ ሰው ጆንያ ይዞ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቆሞ ጠበቀን።

"ምልክት የለውም እኮ፣ እናቴ" አላት። "ምልክት ቢኖረው አንነካውም ነበር። በሉ ስጡኝ፤ መውሰድ አለብን።"

እትዬ ቀና ብላ አየችው።

"ይሄን አልሰጥም" አለች።

"መመሪያ ነው።"

"ይሄን አልሰጥም።"

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። እኔም ጫማዬን አየሁ። ጆንያውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ አደረገና ሄደ።

ያን ጊዜ እትዬ ቀዩን ጨርቅ ካንገቷ ፈትታ አስቀመጠች። ነጠላዋን ገልብጣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አመጣችው፤ ለሐዘን እንደሚለበሰው። ከዚያ ጮኸች።

እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። "ቡቺዬ!" አለች። "ቡቺዬ! ማን አጠገብህ ነበረ! ውሃ እንኳ ማን ሰጠህ! እናቴን ጥሩልኝ ብለህ ይሆን! በየት በኩል ወሰዱህ! የት ብዬ ልፈልግህ!"

ቡቺ ጭኗ ላይ ነበር። ማንም የትም አልወሰደውም።

ባለቤቴ አጠገቧ ወደቀች። ከሰልፍ የሚመለሱት ሴቶች ቆሙ። መጀመሪያ ግራ ቀኝ አዩ፤ እንደ ለመድነው። ከዚያ ከአብነት ሰፈር በኩል የምትመጣ አንዲት ሴት፣ ሁለት ልጆቿን በአንድ ሳምንት ያጣች፣ ነጠላዋን ገለበጠችና ደረቷን መታች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ መንገዱ ሁሉ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው በአጥሩ ጥግ ተደረደሩ። እያንዳንዷ "ቡቺዬ" ትላለች፤ እያንዳንዷ የምትጠራው ግን ሌላ ነው። እኔም አለቀስኩ። አስቀያሚ ለቅሶ ነው ያለኝ፤ እንደ አሮጌ በር እጮኻለሁ፤ ያን ቀን ግን ማንም ዞሮ አላየኝም።

አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ እየሮጠ ደረሰ።

"ምንድን ነው? ማነው የሞተው? ማነው የፈቀደው?"

አፌ ቀደመኝ።

"ውሻ ነው ጓድ።"

"ይሄ ሁሉ ሰው ለውሻ?"

"እንደሱ ያለ አይገኝም፣ ጓድ። እናቱ የውጭ ዜጋ ነበረች።"

ሰውየው ቡቺን አየ፤ እትዬን አየ። ለውሻ ማልቀስ የሚከለክል ነገር ተነግሮት እንደሆነ ለማስታወስ ሲታገል ግንባሩ ላይ ይነበብ ነበር። አላስታወሰም።

"ቶሎ ጨርሱ" ብሎ ሄደ።

ቶሎ አልጨረሱም። ለቅሶው ሲበርድ እትዬ ተነሳች፤ ቡቺን እንደታቀፈች ወደ ግቢ ገባችና ከቤቷ ጀርባ፣ ጎመን የምትተክልበትን ቦታ በአገጯ አሳየችኝ። ዶማና አካፋ ተዋስኩና መቆፈር ጀመርኩ። ከመርፌ የከበደ ነገር ይዤ ስለማላውቅ ወዲያው እጄ ተላጠ። ለውሻው የሚበቃውን ያህል ቆፈርኩና ቀና አልኩ።

"ረዘም አድርገው" አለች።

"እትዬ፣ ከክንዴ አይበልጥም እኮ፤ የእኔ ክንድ ደግሞ..."

"ረዘም አድርገው፣ ወንድሜ።"

አረዘምኩ። ወገቤ እየተቆረጠ ቆፈርኩ። ቀና ባልኩ ቁጥር "ትንሽ ይቀረዋል" ትላለች፤ ዓይኗ ከጉድጓዱ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ይሄዳል። በዓይኔ መለካት ሥራዬ ነው። ስትለካ ሳያት የማን ልክ እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ወገቤ አላማረርኩም። ባለቤቴም ገብቷት ኖሮ አካፋውን አንስታ አፈሩን ታወጣልኝ ጀመር።

ከአጥሩ በኩል የጫማ ድምፅ መጣ። አብዮት ጠባቂው ተመልሷል። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቆሞ ከዳር እስከ ዳር አየው፤ ከዚያ እትዬ እቅፍ ውስጥ ያለችውን የጸጉር ጥቅል አየ።

"ይሄ ለዚያ ነው?" አለኝ።

ባለቤቴ አካፋውን እንደያዘች ቀረች። እኔ ደረቴ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ነኝ። ለሌላ ሰው ወገቡ ድረስ ይሆን ነበር።

"ምን ላርግ ጓድ፣ እጄ ልክ አያውቅም" አልኩት። "ሱሪም ስሰፋ እንዲሁ ነኝ፤ ሁልጊዜ አስረዝማለሁ። ራሴን እያየሁ እንዳልሰፋ ፈርቼ ነው።"

የሰማኝም አልመሰለኝም።

"ሰነፍ ነህ" አለኝ፤ ጠመንጃውን አስተካክሎ ወጣ።

የግቢው በር እስኪዘጋ ጠበቅን። እትዬ ወደ ጉድጓዱ ጠጋ ብላ እንደገና ከዳር እስከ ዳር አየች።

"ከእግሩ በኩል ትንሽ ጨምር" አለችኝ።

ዶማውን አነሳሁ።